የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሰዎች ከመስኮቴ ሥር ቆመው ማውራት መተዋቸውን ነው።

ቤታችን ወልቂጤ ውስጥ ከመንገድ ዳር ነው፤ መስኮቱ ሥር አንድ ዋንዛ አለ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ዘንቢሉን አስቀምጦ እዚያ ጥላ ሥር ትንሽ ሳያወራ አያልፍም ነበር። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ወሬውን ባልከተልም እንኳ፣ የሰው ድምፅ ደስ ይለኛል። በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ግን ዋንዛው ሥር ሰው ጠፋ። አንድ ሁለት ጊዜ ሴቶች ሲያወሩ መጥተው መስኮቱ አጠገብ ሲደርሱ ዝም ሲሉ ሰማሁ።

"ዘርፌ፣" አልኳት ባለቤቴን፣ "ሰፈሩ ምን ሆኗል?"

ዘርፈሽዋል ጎመን እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። "ምን ይሆናል? ያንተን ቀይ ዓይን ፈርተው ነዋ።"

ቀይ ዓይን ያለችው የአምፕሊፋየሬን መብራት ነው። አምፕሊፋየሩ ከመስኮቱ አጠገብ ቁምሳጥን ላይ ይቀመጣል። ቡታጅራ አንድ ሙዚቃ ቤት ሲዘጋ የገዛሁት፣ ብቻውን የሚያነሳው ሰው ወገቡን የሚይዝ አሮጌ ዕቃ ነው። ነገሩን ተምሬው አይደለም። ሥራዬ በየግቢው እየዞርኩ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ ስለ ድምፅ ያወቅሁትን ያወቅሁት እየጠየቅሁ፣ እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ አንዳንዴም እየነዘረኝ ነው። ጠዋት ከጸሎት በኋላ በገና እሰማበታለሁ፤ ማታ ደግሞ ስብከት።

ስድስት ዓመት ሙሉ አጥፍቼው አላውቅም። ድምፁን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ቤቱን ቆልፌ እሄዳለሁ፣ እሱ እንደበራ ይውላል። ከስድስት ዓመት በፊት ድንገት ዝም ብሎብኝ፣ ቡታጅራ ያለ ናጃህ የሚባል ጠጋኝ ሁለት ወር አቆይቶ ሲመልስልኝ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ "ጋሼ አዳነ፣ ይህችን ቁልፍ እንዳትነካት። መብራት ሄዶ ቢጠፋ የአላህ ሥራ ነው፤ መብራቱ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። አንተ በጣትህ ካጠፋኸው ግን ጉድ ይፈላል።" እኔም በራሴ ሳስበው እውነት መሰለኝ። አምፖል የሚቃጠለው ስናበራው ነው። የሸክላ ድስትም የሚሰነጠቀው እሳት ላይ ሲውል ሳይሆን ሲግልና ሲቀዘቅዝ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ሥር ያለው የቁምሳጥን ቀለም በሙቀቱ ተልጦ ነበር፤ እሱን ግን እያየሁ አላየሁም።

"ምን ያስፈራቸዋል?" አልኳት።

"ቤቱ ተቆልፎ ለምን ይበራል? ማይክም ተሰክቶበታል። በዚያ ላይ አንተ የሰው ግቢ ሁሉ እየገባህ ደብተር ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ።"

"የምጽፈው የውሃ ቆጣሪ ነው እኮ!"

"እኔማ አውቃለሁ። ግን እኔም አንተን ሳማ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።" ብላ ሳቀች።

"ይህን ለሰው ተናግረሻል?"

"ምን አለበት? ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።"

እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በየግቢው ቆጣሪ ሳነብ የሰውን ፊትም ማንበብ ያዝኩ። ማን ሰላምታውን አሳጠረ? ማን በር ላይ አቁሞ ሸኘኝ? ወሬው ከዘርፌ ቀልድ ብቻ የተነሳ አልመሰለኝም። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ የሚያራግበው መሰለኝ፤ ያንንም ሰው ስፈልግ ልቤ የሚሄደው ወደ መምህር ነብዩ ነበር፤ ከሁሉ በፊት ሰላምታውን ያሳጠረብኝ እሱ ነው።

ነብዩ ከጎጃም መጥቶ እኛ ዘንድ ስምንት ዓመት አስተምሮ ነሐሴ ላይ ወደ ጉንችሬ የተዛወረ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ግን እዚሁ አለ። የአቦ ጽዋ ማኅበራችን አባል ነው። አሥራ ሁለት ነን፤ በየወሩ የአቦን ቀን፣ አምስትን፣ ተከትሎ በሚመጣው እሁድ ከተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። ጸሎት ደርሶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ሲበላና ሲጠጣ ተውሎ፣ በመጨረሻ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል፤ እሱም በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ጽዋ ገብቶ ሳይወጣ የቀረበት ቤት እኛ ዘንድ የለም። በአባቶቻችን ጊዜ አንድ ነበር ይባላል፤ የባለቤቱን ስም ግን የሚጠራው የለም።

በጥቅምት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ከኔ ጽዋውን የሚቀበለው ነብዩ ነው።

እንግዶቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ እነሱ ግን ከቁምሳጥኑ ርቀው በአንድ ወገን ተጣበቡ። እትዬ መሰለች፣ ሁልጊዜ ወንበር የምታማርጠው፣ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠች። ቄሱ ባርከው ቶሎ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሰው ቆጮ ሲያላምጥ ብቻ ሆነ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢያችን፣ ጋሼ ተረፈ ናቸው፤ እህል የሚነግዱ፣ ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አዳነ፣ ልጄ፣ እስቲ ያቺን ነገር አጥፋትና እንጫወት።"

"ጋሼ፣ ድምፁ እኮ ዝቅ ብሏል። ምንም አይሰማም።"

"እኛማ አንሰማውም፣" አለች መሰለች። "እሱስ?"

ሰዉ ሳቀ። ነብዩ አልሳቀም፤ መብራቷን ነበር የሚያያት።

ተነሳሁ። ናጃህ ያለኝ እውነት ከሆነ ይህ የአምፕሊፋየሬ መጨረሻ ነው። በልቤ "አቦ፣ ዕቃው ይቅር፣ ሰው ይሻለኛል" ብዬ አማተብኩና ስድስት ዓመት ያልነካሁትን ቁልፍ ተጫንኩት።

ጠቅ አለ። መብራቷ አልጠፋችም።

ደግሜ ተጫንኩ። ጠቅ። እንደበራች ናት።

"በስመ አብ!" አለች መሰለች።

"ሶኬቱን ይንቀሉት፣" አለ ነብዩ። ከመጣ የተነፈሰው የመጀመሪያው ቃል ነው።

ከቁምሳጥኑ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ነቀልኩና ገመዱን ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። መብራቷ ግን አሁንም ትበራለች። እኔ ይህን አውቀዋለሁ፤ መብራት በሄደ ቁጥር እስከ አሥራ አምስት ብቆጥር ነው የምትጠፋው። አስቀድሜ ሳልነግራቸው ቀረሁ። አሥራ ሁለት ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ የተነቀለ ገመድ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀይዋ መብራት ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብላ ፈዘዘችና ጠፋች።

"ተነቅሎም ያያል!" አለች መሰለች፤ አሁን ቀልድ የለባትም።

"እትዬ፣ ውስጡ ጣሳ የመሰሉ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች አሉ፤ እነሱ ያጠራቀሙት እስኪያልቅ ነው…"

"ሌላስ ምን ያጠራቅማል?" አለ ነብዩ።

 ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ሁሉም ግን የሌባ መልስ መሰለኝ።

ጽዋው የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ። ጋሼ ተረፈ የነብዩን ስም ጠሩ። ነብዩ ተነስቶ ነጠላውን አስተካከለና "እኔ በዚህ ወር አይመቸኝም" አለ። ጋሼ ተረፈ በእሱ ፈንታ የሚቀበል ጠየቁ። አንዱ ጣሪያ አየ፣ አንዱ ጫማውን አየ።

"እንግዲያው ጽዋው እዚሁ ይሰንብት፣" አሉ። "አዳነ፣ ይህን ነገር አንተው ጨርሰው። እስከ ኅዳሩ እሁድ ካልወጣ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው።"

ያለ እልልታ ወጡ። ዘርፌ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ቁልፉን ብቻ ነበር የማስበው። ለምን አልጠፋም?

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ አምፕሊፋየሩን በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ በአገና በኩል ወደ ቡታጅራ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ተራራውን ስንወጣ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሁለት ወር ናጃህ ዘንድ ነበር። አንድን ዕቃ ለማደስ ሁለት ወር ምን ያደርጋል? አንድ ነገር ጨምሮበት ቢሆንስ? እኔ ሳላውቅ ቤቴ ውስጥ እውነትም የሚሰማ ነገር ቢኖርስ? ጎረቤቶቼን የያዛቸው እኔንም ያዘኝ፤ ጭኔ ላይ ያለውን ዕቃ ፈራሁት።

ናጃህ ከሱቁ በር ላይ አየኝ። "አሰላሙ አለይኩም ጋሼ አዳነ! ያመጣህልኝ በሽተኛ ነው ወይስ ሬሳ?"

"ክፈተው፣" አልኩት። "ውስጡ ምን ጨመርክበት?"

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑ ሲነሳ ራሴ ጎንበስ ብዬ ገመዱን አንድ በአንድ በጣቴ ተከተልኩ። የማላውቀው ዕቃ አላገኘሁም። ከቁልፉ ጀርባ ግን ወደ ቁልፉ መግባት የነበረባቸው ሁለት ገመዶች ወደ ቁልፉ ሳይገቡ እርስ በርሳቸው ተበይደዋል።

"ይህ ምንድን ነው?"

ናጃህ አንገቱን አከከ። "ቁልፏ ያኔ ተቃጥላ ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ልኬ ምትኳን አጣሁ። ገመዶቹን አገናኘኋቸውና አለፍኳት።"

"ታዲያ እንዳትነካት ያልከኝ…"

"ሁለት ወር አቆይቼህ ጎደሎ ልመልስልህ? አፈርኩ፣ ወላሂ። ሌላ ደንበኛ ቢሆን በማግስቱ ነክቷት፣ ሰድቦኝ፣ ይገላግለኝ ነበር። አንተ ስድስት ዓመት ትታገሳለህ ብዬ መቼ ገመትኩ!"

መሳቅ ነበረብኝ፤ ግን ጽዋው ትዝ አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እያዳመጠ ከጎን በኩል በስቶ የግድግዳ መብራት ማብሪያ የመሰለ ቁልፍ ገጠመለት። "ለመሆኑ፣" አልኩት፣ "አብርቶ መተው ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?"

"እውነቱን ልንገርህ?" ጣሳ የመሰሉትን ዕቃዎች በመፍቻው ጫፍ አሳየኝ፤ አናታቸው አብጧል። "ሙቀቱ ነው ያሳበጣቸው። ማብራት ማጥፋቱም በበኩሉ ይመታቸዋል፤ ግን ሰው ለማይሰማው ነገር ለምን ይቃጠላሉ?" ክዳኑን እየገጠመ ቆም አለ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣኝ። ማኅበርተኞችህን በማይኩ ቀድተሃቸው ታውቃለህ?"

"አምና፣" አልኩ። "ማኅበሩ እኔ ቤት ሲሰበሰብ፣ የቄሱን ትምህርት።"

"ነግረሃቸው?"

"በኋላ ላስደስታቸው ብዬ…"

"ያ ረቢ!" አለ ናጃህ። "ጋሼ አዳነ፣ እኔ ያበላሸሁት ቁልፍ ብቻ ነው።"

ቤቴ ስደርስ ዘርፌን አስቀምጬ ያምናውን ቅጂ ከመጀመሪያው አሰማኋት። እኔ ስቀዳ ድምፅ አልቆርጥም። ሳሉ፣ የብርጭቆው መጋጨት፣ ከውጭ የሚያልፈው ባጃጅ፣ ሁሉም እንዳለ እንዲቀር ነው የምወደው። ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት ማኅበርተኛው ሲጫወት የነበረውም ሁሉ አለበት። ነብዩ ስለ ርዕሰ መምህሩ ይቀልዳል፦ "ሰውዬው ከፊርማው ሌላ ጽፎ አያውቅም። ባለፈው 'ተስማምቻለሁ' ብሎ መጻፍ ሲኖርበት ሦስት ጊዜ ፈረመ።" ከዚያ ሳቅ። የኔም ሳቅ አለበት። ያን ጊዜ ስሰማው ጥሩ ሳቅ ነው ብዬ ብቻ ነበር ያለፍኩት።

ዘርፌ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ይህን ለሰው ሰጥተሃል?"

"ትምህርቱን ፈልገው የስልክ ሚሞሪ ካርድ ላመጡልኝ። ለጋሼ ተረፈና ለመሰለች።"

"ከነቀልዱ?"

"እንዳለ።"

"ነብዩ ነሐሴ ላይ ወደ ጉንችሬ በኩል የተዛወረው እኮ ሰውዬው ቢሮ ጠርቶ ይህንኑ ቀልድ ቃል በቃል ነግሮት ነው! ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።"

"እኔ አላውቅም።"

"አንተን ማን ይነግርሃል?" አለች ዝግ ብላ። "የሚጠረጥሩት አንተን ነው።"

 ሁለት ሚሞሪ፣ ሁለት ሰው። የመሰለች የእህቷ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የጋሼ ተረፈ የክርስትና ልጅ ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ለቀልድ ብለው አሰምተው ይሆናል፤ ለክፋትም ሊሆን ይችላል። ወይም ስልካቸውን ሌላ ሰው ነክቶት ይሆናል። ሁለቱን ስም ለነብዩ ብነግረው እኔ ነፃ እወጣለሁ፤ ጽዋውም ከቤቴ ይወጣል። ግን የሚሄደው ወዴት ነው? ሙሴውና መሰለች ከተጠረጠሩ የሚሰበሰብ ማኅበር አይቀርም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ነብዩ ቤት ሄድኩ። በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ነው የሚመጣው። ደጁ ላይ የጉንችሬን ጭቃ ከጫማው እየፋቀ አገኘሁት። ወደ ውስጥ አልጋበዘኝም፤ በርጩማ አወጣልኝ።

"መምህር፣ ቁልፉ ተበላሽቶ ኖሯል፤ አሠርቼዋለሁ።"

"ጋሽ አዳነ፣ እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ቢነግሩኝ አይገባኝም።"

"ለሱ አልመጣሁም። አምና ሳልነግራችሁ ቀድቻችሁ ነበር። የርዕሰ መምህሩ ቀልድህ ቅጂው ውስጥ አለ። ቅጂውንም ለሰው ሰጥቻለሁ።"

ብሩሹን አስቀመጠ። "ለማን?"

"ትምህርቱን ለጠየቀኝ።"

"ስንት ናቸው?"

"ሁለት።"

"ስማቸውን ይጥሩልኝ።"

"አልጠራም። የትኛው እንዳደረገው አላውቅም፤ ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ። ብጠራልህ ቢያንስ አንዱን በሐሰት አስጠላሃለሁ።"

"አሪፍ ነው!" አለ፤ ሳቁ ምሬት ነበረው። "እስከ ዛሬ የምጠረጥረው አንድ ሰው ነበር። አሁን አሥራ አንድ አደረጉልኝ።"

"እኔን ጠርጥር። ከኔ ቤት ነው የወጣው።"

ከውስጥ ልጁ "አባ!" እያለች ትጠራዋለች። "መጣሁ" አላት፤ ግን አልተነሳም። "በሳምንት አንድ ቀን ነው የምታየኝ፣" አለኝ። "አንዳንዴ ስመጣ ታፍረኛለች፣ ያውቃሉ? እንደ እንግዳ።"

 "ይቅር በለኝ" አልኩት፤ ከበርጩማው ተነስቼ።

ብሩሹን መልሶ አነሳ። "ለጽዋው ነው የመጡት?"

"ለጽዋውም ነው።"

"ቢያንስ አይዋሹም፣" አለና ጫማውን አነሳ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለኝም።

የኅዳሩ እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኛው ደጄ ላይ ተሰበሰበ፤ ጽዋው ካልወጣ ለመበተን፣ ከወጣ ለማጀብ። አምፕሊፋየሩን በአዲሱ ቁልፍ አጥፍቼ፣ ሶኬቱንም ነቅዬ፣ ማይኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ነብዩ ዘግይቶ መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ወደ ቁምሳጥኑ አየት አደረገ፣ ጽዋውን ተሳልሞ በሁለት እጁ አነሳው። ዘርፌ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ወደ ሰዉ ዞረ።

"ከመውጣታችን በፊት፣" አለ፣ "አንድ ቀልድ ልንገራችሁ። እዚሁ ቤት አምና የነገርኳችሁ ነው።"

ጽዋውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ስለ ርዕሰ መምህሩ ከመጀመሪያው ጀመረ። ድምፁ እንደ አምናው ነበር፤ ዓይኖቹ ግን አይስቁም፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ቀልዱን ያወጣውን ሰው ይፈልጋሉ። እኔም ሳልፈልግ የሱን ዓይን ተከትዬ ሄድኩ። መሰለች ቀልዱ ሳያልቅ ሳቀች። ጋሼ ተረፈ ካለቀ በኋላም አልሳቁም፤ የነጠላቸውን ጥለት ነበር የሚያዩት።

ነብዩ ሁለቱንም አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ፊቴ ላይ ምንም እንዳያነብ መሬቱን አየሁ።

"በሉ እልል በሉ እንጂ!" አለ።

ቀድማ እልል ያለችው መሰለች ናት። ጋሼ ተረፈ በሩን ይዘው ጽዋውን አሳለፉት፤ እኔም ከሁሉም ኋላ ሆኜ ተከተልኳቸው።